የ«ፈረቃ» የመጨረሻ ክፍል

አዳማ ውስጥ መብራት ጠፍቶ ካመሸ ትውልድ አልፏል። «ፈረቃ» የሚለውን ቃል ዛሬ ለወጣት ቢነግሩት የፋብሪካ ሠራተኞች የሚለዋወጡበት ሰዓት ይመስለዋል። አንዱ ሰፈር ሲበራለት ሌላው በሻማ የሚያመሽበት ዘመን እንደነበረ የሚያስታውሱት ስማቸው ሶልያና፣ ናሆም፣ ኤልዳና የሆነ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

ሶልያና ከእነሱ አንዷ ናት። የፋርማሲ ሥራዋን ትታ ጡረታ ከወጣች ቆይታለች። ባሏ ናሆም ካረፈ ግን ገና ዓመት አልሞላውም። ለቅሶው አልቆ ድንኳኑ ሲነሳ ልጇ ያኔት «ብቻሽን አትሆኚም» ብላ ልብሷን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በአሮጌው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ አብረው ይኖራሉ።

ማታ ማታ እራት ይበሉና ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው መነጽራቸውን ያደርጋሉ። መነጽሩ ውስጥ ያለው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ድራማ የሚፈጥረው ተራኪ የሚባል ማሽን ለያኔት የያኔትን፣ ለሶልያና የሶልያናን ያቀርባል። አንዷ ስትስቅ ሌላዋ ዝም ትላለች። ሁሉም ቤት እንደዚሁ ነው። ባቡር ላይ አንዱ በሳቅ ሲንፈራፈር አጠገቡ ያለው ዕንባውን ይጠርጋል፤ ምን ሆነህ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ቢጠይቅም አይረዳውም፤ ያንን ታሪክ ከባለቤቱ በቀር ያየው ሰው የለምና። ድሮ በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት «የትናንቱን አየሽው?» ይባል የነበረው ወሬም በዚሁ ቀርቷል።

ተራኪው ሰውን ያውቃል። ሲሰለቸው ያፈጥንለታል፣ ልቡ ሲከብድ ያቀልለታል፣ የጠላው ሰው ካለ ከታሪኩ ያስወጣለታል። ያኔት ጎልማሳ ሆናለች፤ ግን በአንድ ድራማ ተናዳ እንቅልፍ ያጣችበት ሌሊት የላትም።

እናቷ ግን አላት።

ሶልያና ልጃገረድ ሳለች እሑድ ማታ የሚተላለፍ «ፈረቃ» የሚባል ድራማ ነበር። ጋሽ አበጋዝ የሚባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይሞታል። ከአርባው በኋላ ሰፈሩ መብራት ሲጠፋበት ሰውየው ሳሎን ውስጥ የተለመደው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይገኛል። መብራት ሲመጣ የለም። እንደሌላው የሙታን ታሪክ አያስፈራም፣ አይተነብይም፣ ስለ ወዲያኛው ዓለም አንዲት ነገር ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የሚያወራው ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻና ስለ ልጁ አለባበስ ነው። ሚስቱ እትዬ ብርቄ አጠገቡ ትቀመጣለች። ልጁ ትርሲት ግን መቀመጥ አይሆንላትም። እሱ በሞተ ዕለት ተኳርፈው ነበር፤ ደውሎላት ስልኩን ሳታነሳ ቀርታለች። ምን ሊላት እንደነበር ማወቅ ትፈልጋለች። በጠየቀችው ቁጥር ወሬ ይቀይርባታል።

ሰው ያን ድራማ የወደደው ሙት ስለተነሳበት አልነበረም። ጋሽ አበጋዝን ስለሚያውቀው ነው። ከየቤቱ አንድ እንደሱ ያለ ሰው አይጠፋም ነበር፦ የሚወድህን ያህል የሚነዘንዝህ፣ ደግ ቃል ሊናገር ሲል ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ዝናቡ የሚጀምር። ጋሽ አበጋዝ ሞቶ እንኳ አልተሻሻለም። ሶልያናን የሚያስቃትም የሚያስለቅሳትም ይሄ ነበር።

አንዳንድ እሑድ ድራማው መሐል ላይ ሲደርስ የእውነት መብራት ድርግም ይላል። ያኔ የሕንፃው ሰው ሁሉ እየተራገመ ወደ ደረጃው ይወጣል። በስልክ ብርሃን ተቀምጦ የቀረውን መገመት ነው። ሶልያና ናሆምን ያወቀችው እዚያ ደረጃ ላይ ነው። ከአምስተኛ ፎቅ የሚወርድ፣ ቀጭን፣ ነገር የሚወድ ልጅ ነበር።

«ትርሲት ራሷ ናት ጥፋተኛዋ» አለ አንድ ቀን፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«የአባቷን ስልክ ስላላነሳች ብቻ?» አለች ሶልያና።

«አይደለም። ቁጭ ብላ ስለማታወራው። ሰውየው ከመቃብር ድረስ መጥቶ ስለ ቧንቧ ሲያወራት ቧንቧውን አትሠራለትም?»

ተናደደች። በሚቀጥለው እሑድ መብራት ሳይጠፋ ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

የመጨረሻው ክፍል የተላለፈ ማታ አገሩ በሙሉ ቤቱ ተከተተ። በድራማው ውስጥ ለሰፈሩ አዲስ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ተሠርቶለታል፤ ከዚያ ማታ በኋላ መብራት አይጠፋም። ትርሲት ይህን እያወቀች አባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። «አባዬ፣ ያን ቀን ለምን ደወልክልኝ?» አለችው። ረጅም ዝምታ ሆነ። ጋሽ አበጋዝ ወደ ኮርኒሱ ቀና አለና «ያ አምፖል ሲበራ ይርገበገባል። ቀይሪው» አላት። መብራቱ መጣ። ወንበሩ ባዶ ነበር። ድራማው በዚሁ አለቀ።

ሶልያና ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሰውየው ቂሙን ይዞ ሄደ ብላ አመነች። ናሆም ደግሞ ይቅር ብሏታል አለ። ተጋቡ፣ ያኔትን ወለዱ፣ አረጁ፤ በዚህ ነገር ግን አንድም ቀን አልተስማሙም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ጉዳዩ እንደገና ይከፈታል። ናሆም ሆስፒታል ከተኛ በኋላ እንኳ ሶልያና ትራሱን እያስተካከለችለት «እሺ በለኝና በሽታው ይልቀቅህ። ሰውየው ይቅር አላላትም አይደል?» ብትለው ዓይኑን ሳይገልጥ «ብሏታል። ያንቺ ችግር ቃል መፈለግሽ ነው» አላት። በሳምንቱ አረፈ።

ስለዚህ ሐዘኑ ጠንቶባት የቆየችው ሶልያና አንድ ማታ ተራኪውን «ፈረቃን አሳየኝ» አለችው።

አሳያት። ወንበሩ ያው፣ ትርሲት ያችው፣ ሙዚቃውም ያው ነበር። መጨረሻው ላይ ግን ጋሽ አበጋዝ የልጁን እጅ ይዞ «የኔ ልጅ፣ የደወልኩት ይቅር እንዳልኩሽና እንደምኮራብሽ ልነግርሽ ነበር» አለ። ብዙ ተናገረ። ሁሉም ያማረ ነበር።

«እንዲህ አይደለም» አለች ሶልያና ጮክ ብላ።

ያኔት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አደረገች። «ምኑ?»

«መጨረሻው። አላላትም እንዲህ።»

«አንቺ ደስ እንዲልሽ ነዋ እማዬ።»

«ደስ እንዲለኝ አልጠየቅኩም። የድሮውን ነው የጠየቅኩት።»

የድሮው ግን የለም። ተራኪው በትሕትና እንዳስረዳት፣ የቀደሙት ሥራዎች በሙሉ ለተመልካቹ የተስማሙ ሆነዋል፤ ያልተስማማ ቅጂ የሚጠይቅ ሰው ባለመኖሩ አልተቀመጠም። ሶልያና ልጇን ለመነቻት፤ እስቲ አንዴ አብረን እንየው አለቻት። ያኔት እሺ ብላ ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ፈረቃ» አሉ። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይቆይ ያኔት ሳቀች። በእሷ «ፈረቃ» ውስጥ ጋሽ አበጋዝ አልሞተም። ትርሲት ፀጉር ቤት ከፍታ ከጎረቤት ልጅ ጋር ፍቅር ይዟታል።

«በጣም ቆንጆ ነው» አለች ያኔት ከልቧ። «አሁን ገባኝ ለምን እንደወደዳችሁት።»



ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሶልያና የራሷን «ፈረቃ» ማየቷን ስትቀጥል ጋሽ አበጋዝ ቀስ በቀስ ተለወጠ። መጀመሪያ ድምፁ ነው የተለወጠው። ቀጥሎ ነገር ሲያስብ በአውራ ጣቱ ቅንድቡን ማሸት ጀመረ። አንድ ማታ በድራማው መብራቱ ጠፍቶ ወንበሩ ላይ ሲታይ የተቀመጠው ናሆም ነበር፤ ቡናማ ሹራቡን ለብሶ፣ ከመታመሙ በፊት እንደነበረው ወፈር ብሎ።

ሶልያና ጠልታዋለች ብንል ውሸት ነው። ቀኑን ሙሉ ማታ እስኪሆን ትጠብቅ ጀመር። ፀጉሯን ተሠራች። ያኔትም እናቷ መብላት በመጀመሯ ተደሰተች፤ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ናሆም ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ውሎዋን ይጠይቃታል። ትነግረዋለች። ልክ ነሽ ይላታል። ስለ ጎረቤት ታማለታለች፤ ልክ ነሽ። ሶፋውን ወደ መስኮት ላዙረው ወይ ትለዋለች፤ ጥሩ ሐሳብ ነው። እሱ በሕይወቱ ያ ሶፋ ስንዝር እንዲንቀሳቀስ ፈቅዶ አያውቅም።

አንድ ማታ ልቧ እየፈራ የድሮውን ጥያቄ አነሳችው።

«ናሆም፣ ጋሽ አበጋዝ ልጁን ይቅር ብሏታል?»

«ሶሊዬ፣ አንቺ እንዳልሽው ነው። ይቅር አላላትም።»

«አንተ እንደዚያ አታምንም።»

«ስሳሳት ኖሬ ነው። ሁልጊዜም ትክክል ነበርሽ።»

ፈገግ አለላት። ፈገግታው የናሆም ነበር፤ ጥርሱ፣ የዓይኑ ዳር መጨማደድ፣ ሁሉም። ሶልያና መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።  ያ ሆስፒታል ውስጥ በደከመ ድምፁ «ብሏታል» ያላት ሰው በእርግጥ ሄዷል። እስከዚያች ማታ ድረስ ይህ ነገር እንዲህ ግልጽ ሆኖላት አያውቅም ነበር። መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘግታ አለቀሰች።

በማግስቱ ጡረተኞች ማኅበር ሄዳ የዕድሜ እኩዮቿን አንድ በአንድ ስለ «ፈረቃ» መጨረሻ ጠየቀች። አንዱ ጋሽ አበጋዝ ከሞት ተነስቶ እንደቀረ ያስታውሳል። ሌላዋ ትርሲት አባቷን ተከትላ እንደሄደች ትምላለች። ሁሉም በተራኪው ደጋግመው አይተውት ስለነበር የመጀመሪያውን የሚያውቅ የለም። ሶልያና የራሷንም ትዝታ መጠራጠር ጀመረች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «ለምን እሷን አትጠይቂያትም?» አላት። «ትርሲትን የሠራችውን። ቢሾፍቱ ነው ያለችው፤ ከእህቴ ቤት ጎን የአበባ ችግኝ ታፈላለች።»

ሶልያና ለልጇ ሳትነግር በማለዳ ባቡር ቢሾፍቱ ወረደች።

ሜላት ልዑልሰገድ ሰባ አምስት ያለፋት፣ ረጅም፣ ጎንበስ ያላለች ሴት ናት። በችግኝ ቤቷ በር ላይ ጓንቷን ሳታወልቅ ተቀበለቻት። ሶልያና የመጣችበትን ስትነግራት ወደ ውስጥ አስገብታ ወንበር ሰጠቻትና ጓንቷን እያወለቀች ተናገረች።

«እኔ ተራኪ ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። በገዛ ፊቴ ያላልኩትን ስናገር አየሁ። በወጣትነቴ ፊት ነው ደግሞ። እንዴት እንደሚያስጠላ ልነግርሽ አልችልም።»

«የመጨረሻውን ክፍል ያስታውሱታል እትዬ ሜላት?»

«እንዴት አላስታውሰው።»

«ያ አምፖል ሲበራ ይርገበገባል…»

«…ቀይሪው» አለች ሜላት።

ሶልያና ትንፋሿን ለቀቀች። ትዝታዋ አልዋሻትም።

«ደራሲው እኮ ሌላ ነበር የጻፈው» አለች ሜላት። «ይቅር ብዬሻለሁ፣ እኮራብሻለሁ የሚል ገጽ ሙሉ ንግግር። አባቴን የሠራው ጋሽ ተድላ አነበበና አልለውም አለ። ‹ይሄ ሰው እንዲህ መናገር ቢችል ኖሮ ሳይሞት ይናገር ነበር› አለ። ቀረጻ ቆመ፣ ሰው ተጣላ፣ አዘጋጁ ስክሪፕቱን ወረወረው። በኋላ ካሜራው ይዙር ተባለ። እኔ ጠየቅኩት። ዝም አለ። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር፤ እዚያ ፊቴ ላይ የምታዩት እውነተኛ ፍርሃት ነው። ከዚያ ስለ አምፖሉ ተናገረ። ከራሱ ነው ያወጣው።»

«ታዲያ ምን ማለቱ ነበር? ይቅር ማለቱ ነው ወይስ…»

ሜላት ትንሽ አሰበች። ከዚያ ተነስታ ሁለት ወንበሮችን ፊት ለፊት አደረገች።

«ነይ ተቀመጪ። አንቺ አባቴ ሁኚ።»

«እኔ? ተዋናይ አይደለሁም እኮ።»

«የምትናገሪው አንዲት መስመር ነው። ነይ።»

ሶልያና እያፈረች ተቀመጠች። ሜላት ሻርፗን ወደ ኋላ ጣለችና ዓይኗን ለአፍታ ጨፈነች። ስትገልጠው ሰባ አምስት ዓመቷ የት እንደገባ አይታወቅም። አንገቷን ሰበር ያደረገችበት አኳኋን፣ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ያቆላለፈችበት፣ የታችኛውን ከንፈሯን በጥርሷ የያዘችበት፣ ይሄ ሁሉ ሶልያና በአሥራ ሰባት ዓመቷ አፏን ከፍታ ያየችው ነበር።

«አባዬ» አለች ትርሲት። «ያን ቀን ለምን ደወልክልኝ?»

ሶልያና አምፖሉን መጥራት ነበረባት። አልወጣላትም። ይህች ልጅ ፊቷ ተቀምጣ ምሕረት እየለመነች ነው፤ የሚነገራት ነገር ደግሞ ብዙ ነው፣ አንዱ ቢወጣ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይፈሳል፣ ጊዜ ደግሞ የለም። አባትየው ደህና ሁኚ ቢላት ታለቅሳለች። እወድሻለሁ ቢላት ይሰበራል። ሶልያና የምታይበት ቦታ አጥታ ቀና አለች። እላይ የችግኝ ቤቱ መብራት ነበር።

«ያ አምፖል…» አለች፤ ድምፁ የራሷ አልመስል አላት። «ሲበራ ይርገበገባል። ቀይሪው።»



«ይቅር ብሏታል» አለች ሶልያና በመጨረሻ። ዕንባዋ እየወረደ ነበር። «አርባ ምናምን ዓመት ስከራከረው ኖሬ… ይቅር ብሏታል እኮ።»

«አላላትም» አለች ሜላት።

ሶልያና ዕንባዋን ሳትጠርግ አየቻት። «እንዴት?»

«ፊት ለፊቱ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያ ሰውዬ ኩሩ ነበር። ጥያቄዬን ሰምቶ ነው ያለፈኝ። ትርሲት ዕድሜዋን ሙሉ ያንን ተሸክማ ኖራለች፤ እኔም ተሸክሜላታለሁ።»

«እትዬ ሜላት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ተሳስተዋል።»

«እኔ ተሳሳትኩ? በራሴ ድራማ?»

«በራስዎ ድራማ። ሰው ለተቀየማት ልጅ ዓይኗ እንዳይታመም ያስባል? በዚያ አምፖል ሥር የምታነበው እሷ አይደለችም እንዴ?»

«ልማዱ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነዋ።»

«ልማድ ብቻ ቢሆን ስለ ቆጣሪው ያወራ ነበር።»

ሜላት ሳቀች። ሻይ አፈላች። ክርክሩ ግን አልበረደም። ሶልያና ናሆም በየእንግዳው ፊት የሚደረድራቸውን ምክንያቶች አንድ በአንድ እያነሳች ትወረውራለች፤ የረሳቻቸው የሚመስላት ሁሉ ምላሷ ላይ ነበሩ። ሜላትም በበኩሏ ሶልያና ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትል የኖረችውን ትመልስላታለች። የከሰዓቱ ባቡር ሄደ። አመሻሽ ላይ የሚነሳውም ሊሄድ ነው።

ያኔት የእናቷን መጥፋት ያወቀችው ከሥራ ስትመለስ ነበር። ከጡረተኞች ማኅበር ያለችበትን ጠይቃ ቢሾፍቱ ስትደርስ ልቧ ሊወጣ ደርሶ ነበር። በችግኝ ቤቱ በር ላይ ስትቆም ያገኘችው ግን እናቷን ቆማ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ አንዲት የማታውቃትን አሮጊት በጣቷ እየጠቆመች ስትከራከር ነው። አባቷ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም።

«እማዬ? ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ግቢ። እትዬ ሜላት ይባላሉ፤ ትርሲት ናቸው። ነገር አልገባ ብሏቸው ነው።»

«ልጅሽ ናት? ቁጭ በይ የኔ ልጅ፣ አንቺ ፍረጂ» አለች ሜላት።

ያኔት እንሂድ ልትል ነበር። ሁለቱ ግን ዓይን ዓይኗን ያዩአታል። ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ነገሯት፤ አንዷ ስትረሳ ሌላዋ እየሞላች፣ እየተቋረጡ፣ እየተራረሙ። ያኔት ጠቡ የት እንደሚደርስ አታውቅም። ሰውየው እንዲናገር ፈለገች፤ አልተናገረም። ደስ አላላትም። የሚያፈጥንላት፣ የሚያቀልላት የለም። ቢሆንም ተነስታ አልሄደችም።

«እና?» አሏት ሲጨርሱ። «ይቅር ብሏታል ወይስ አላላትም?»



«እናትየዋስ?» አለች ያኔት።

«እናትየዋ ምን?»

«እትዬ ብርቄ። አባትና ልጅ ሲጣሉ እሷም እዚያው ክፍል ውስጥ ናት አይደል? የመጨረሻዋ ማታ ለእሷም የመጨረሻ ናት። ምን አለችው?»

ሜላት ሶልያናን አየቻት። በዚያ ሁሉ ዘመን፣ በዚያ ሁሉ ደረጃና ሳሎን፣ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

«ምንም አላለችውም» አለች ሶልያና ቀስ ብላ። «እጁን ይዛ ተቀምጣ ነበር። መብራቱ ሲመጣ እጇ ክፍቱን ቀረ።»

«ለምን ምንም አላለችውም?»

ሶልያና ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ልጇ የምትጠይቃት ስለ እትዬ ብርቄ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል። ናሆም ካረፈ ወዲህ ሁለቱ አንድ ሶፋ ላይ ሲያመሹ ስለ እሱ አንዲት ቃል ተለዋውጠው አያውቁም።

«ትዝ የሚላት ሁሉ ጭቅጭቅ ስለነበር» አለች። «ሶፋው፣ መንገዱ፣ የሻዩ ስኳር። በዚያች ሰዓት ከየትኛው እንደምትጀምር አላወቀችም።»

ያኔት ወንበሯን ወደ እናቷ ሳብ አደረገች።

«ከሶፋው ጀምሪ» አለቻት።